ስንተኛ ነው? በየትኛው ሰልፍ?

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ ደክሟችሁ ወጥታችሁ እዚህ ድረስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

የዛሬው ጉዳዬ አንዲት አጭር ጥያቄ ናት። ኤክስኤምኤል ጽሑፍን «ታግ» በሚባሉ ምልክቶች እየከበቡ የሚያስቀምጡበት አጻጻፍ ነው፤ በታግ የተከበበው እያንዳንዱ ክፍል ኤለመንት ይባላል። እንዲህ ባለ ፋይል ውስጥ የምንፈልገውን ኤለመንት በኤክስፓዝ ወይም በኤክስኩዌሪ፣ በመፈለጊያ ቋንቋዎቹ፣ ፈልገን አገኘነው እንበል። ቀጥሎ የምንጠይቀው ምንድን ነው? «ስንተኛው ላይ ነው ያለው?» የሚለውን ነው። ቀላል ትመስላለች። እኔ ግን በዚህች ጥያቄ ምክንያት የተሳሳተ ነገር ለሰው አሳይቼ አውቃለሁ፤ ስህተቱን ያየውም ፕሮግራመር ሳይሆን ዳዊት የሚደግሙ አንድ አባት ነበሩ። ከእሳቸው ልጀምር።

መዝሙረ ዳዊትን በኤክስኤምኤል እያዘጋጀሁ ነበር። ግዕዙን በመስመር በመስመሩ ጽፌ፣ እያንዳንዱን መዝሙር በታግ ከብቤ፣ በመነሻ ቃሉ የሚፈለግበት ትንሽ ገጽ ሠራሁ። በመነሻ ቃል ያደረግኩበት ምክንያት አለ። በዳዊት ያደገ ሰው መዝሙሩን በቁጥር ብቻ አይጠራውም፤ «ፍካሬ ዘጻድቃን» ይላል፣ «እግዚአብሔር ይሬዕየኒ» ይላል። ገጹን ለአንድ የኔታ ላሳያቸው ኮምፒውተሬን ይዤ ሄድኩ። «ይሬዕየኒ» ብዬ ጻፍኩላቸው፤ መዝሙሩ ወጣ። ከጎኑ «ተራ ቁጥር 1» ይላል። የኔታ ዝም ብለው አዩት። ሌላ መነሻ ጠሩልኝ፤ እሱም ወጣ፤ ከጎኑ አሁንም 1። ሦስተኛውም እንደዚያው።

«ልጄ፣ ይሬዕየኒ እኮ 22ኛው ነው» አሉኝ። «አንደኛው ፍካሬ ነው። ይሄ ማሽን ከየት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው?»

ከዚያ ወዲህ ብዙ መጽሐፍ ገልጫለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ግን አላገኘሁም። ማሽኑ ከየት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው?

ፋይሉ ምን እንደሚመስል በአጭሩ ላሳያችሁ።

<ዳዊት>
  <መቅድም>…</መቅድም>
  <መዝሙር መለያ="ፍካሬ">
    <ርእስ>…</ርእስ>
    <መስመር>…</መስመር>
  </መዝሙር>
  <መዝሙር መለያ="…">…</መዝሙር>
</ዳዊት>

ታጎቹ በፊደላችን መጻፋቸውን ልብ በሉ። የጻፍኳቸው ለጌጥ አይደለም፤ ይህ በሕጉ የሚሠራ ኤክስኤምኤል ነው። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አልነበረም። ኤክስኤምኤል 1.0 በየካቲት 1998 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ለታግ ስም የተፈቀዱት ፊደላት በዚያን ጊዜ ዩኒኮድ 2.0፣ የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር የተመዘገቡበት ሰሌዳ፣ የያዛቸው ብቻ ነበሩ። የኛ ፊደል ዩኒኮድ የገባው በ1999 በወጣው በ3.0 ነው። ስለዚህ በታጎቹ መካከል ያለውን ጽሑፍ በአማርኛም በግዕዝም መጻፍ ይቻል ነበር፤ ታጉን ራሱን «መዝሙር» ብሎ መሰየም ግን ስህተት ነበር። በ2004 የወጣው ኤክስኤምኤል 1.1 በሩን ከፈተው፤ እሱን ግን ብዙ ሰው አልተጠቀመበትም። የ1.0 አምስተኛ እትም በኅዳር 2008 ሲወጣ ነው ነገሩ የተስተካከለው። አሥር ዓመት ከመንፈቅ በላይ መሆኑ ነው። ይህን ስናገር ዛሬም ይቆጨኛል፤ ወደ ጉዳያችን ልመለስ።

የኔ ስህተት ይህ ነበር። መጀመሪያ መነሻቸው የሚገጥመውን መዝሙሮች የሚያወጣ መንገድ፣ ማለትም የኤክስፓዝ የፍለጋ ሐረግ፣ ጻፍኩ። ከመንገዱ ጫፍ ላይ እዝባር (/) አድርጌ ፖዚሽን የሚባለውን ፈንክሽን ቀጠልኩ። በኤክስፓዝ 1.0 እንዲህ ብጽፍ ኖሮ ገና ከመነሻው ስህተት ነው ይለኝ ነበር። ከ2007ቱ ከ2.0 ወዲህ ግን ይፈቀዳል፤ ሳያጉረመርም ይሠራል፤ ቁጥርም ይመልሳል። የሚመልሰው ቁጥር ግን የመዝሙሩን ቦታ በዳዊት ውስጥ አይደለም። ከእዝባሩ በስተግራ ያለው መንገድ ያወጣቸውን አሰልፎ፣ በዚያ ሰልፍ ውስጥ ያላቸውን ተራ ነው የሚሰጠው። የተገኘው አንድ መዝሙር ብቻ ከሆነ ሰልፉ የአንድ ሰው ሰልፍ ነው፤ እሱ ደግሞ ምንጊዜም አንደኛ ነው። ሦስት ቢገኙ 1፣ 2፣ 3 ይላል። 150ዎቹ የት እንደቀሩ አያውቅም፤ አልነገርኩትማ።

አንድ ነገር አጥብቄ የምይዘው ከዚህ በኋላ ነው። ተራ ቁጥር የኤለመንቱ ንብረት አይደለም። መነሻ ቃሉ የራሱ ነው፣ ርእሱ የራሱ ነው፣ መለያው የራሱ ነው። ተራው ግን በእሱና በሰልፉ መካከል ያለ ነገር ነው። ሰልፉ ሲለወጥ ተራው ይለወጣል፤ እሱ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ «ስንተኛ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው «በየትኛው ሰልፍ?» የሚለውን አብሮ ካልመለሰ ጥያቄው ገና ግማሽ ነው።

ታዲያ በዳዊት ውስጥ ያለውን ቦታ እንዴት እናውቃለን? በሁሉም የኤክስፓዝ ዓይነት፣ በ1999ኙም ጭምር የሚሠራው መንገድ ቀላል ነው። ያገኘነው መዝሙር ላይ ቆመን ከፊቱ ያሉትን ወንድሞቹን እንቆጥራለን፤ አንድ እንጨምራለን። የሚቆጥረው ፈንክሽን ካውንት ይባላል፤ ወደ ኋላ የሚያሳየው አቅጣጫ ደግሞ ፕሪሲዲንግ ሲብሊንግ ነው፤ በአንድ ወላጅ ሥር ያሉ፣ ከእኔ በፊት የመጡ ማለት ነው። ከ«ይሬዕየኒ» በፊት 21 መዝሙሮች አሉ፤ አንድ ሲጨመር 22። የኔታ ያሉት።

እዚህ ላይ ግን ቀስ በሉ። ወንድሞቹን ስትቆጥሩ «መዝሙር» የሚባሉትን ብቻ ነው ወይስ በኮከብ ምልክት (*) ሁሉንም? እኔ ስህተቴን ያረምኩ መስሎኝ በኮከብ ቆጠርኩ። መልሱ 23 መጣ። ለምን? መቅድሙም ወንድም ነዋ። ፋይሉ አናት ላይ ተቀምጧል፤ ስሙ «መቅድም» ቢሆንም የአንድ ወላጅ ልጅ ነው። ይባስ ብሎ 23 እውነተኛ ቁጥር ይመስላል፤ ምክንያቱም በዕብራይስጡ አቆጣጠር በሚሄዱት መጽሐፍ ቅዱሶች ይኸው ይሬዕየኒ፣ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው»፣ 23ኛው መዝሙር ነው። ስህተቴ በአጋጣሚ ከሌላ ትክክለኛ ቁጥር ጋር ገጠመ። እንደዚህ ያለ ስህተት ከሁሉም የከፋ ነው፤ ያየ ሁሉ አምኖት ያልፋል።

የሁለቱን አቆጣጠር ነገር ጥቂት ላፍታታው፤ ለዛሬው ጉዳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ግዕዙ የተከተለው የግሪኩን የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ነው። በዕብራይስጡ ዘጠነኛውና አሥረኛው ተብለው የተለዩት ሁለት መዝሙሮች በግሪኩ አንድ ናቸው፤ 9ኛው። ሁለት አንድ ሲሆኑ ከእነሱ በታች ያለው ሁሉ አንድ ቁጥር ወደ ኋላ ይመለሳል፤ 23ኛው 22ኛ የሆነው በዚህ ነው። ወረድ ስንል የዕብራይስጡ 114 እና 115 ተጣምረው የግሪኩ 113 ይሆናሉ፤ ወዲያው ደግሞ የዕብራይስጡ 116 ተከፍሎ 114 እና 115 ይሆናል። መጨረሻ ላይ 147ኛው ለሁለት ይከፈልና ልዩነቱ ይጠፋል፤ ከ148 ጀምሮ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ድምሩ በሁለቱም 150 ነው። ቃሉ ያው፣ ቅደም ተከተሉም ያው ሆኖ ሳለ ቁጥሩ ከመቶ በሚበልጡ መዝሙሮች ላይ ተለያየ። ሰልፉ ስለተቆረጠበት ቦታ ብቻ ነው።

151ኛውስ? ግዕዙ ዳዊት 151 መዝሙር አለው። በግሪኩ የዚህ የመጨረሻው መዝሙር ርእስ ራሱ «ከቁጥር ውጭ» መሆኑን ይናገራል። እንግዲህ ላስት የሚባለውን ፈንክሽን፣ ማለትም የሰልፉን የመጨረሻ ቁጥር የሚነግረንን፣ ብንጠራው 151 ይላል። ርእሱን የጻፈው ሰው ግን 150 እና አንድ ብሎናል። ማሽኑ ታግ ነው የሚቆጥረው፤ ርእስ አያነብም። ይህን ልዩነት በፋይሉ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ያስፈልጋል።

ወደ መሣሪያዎቹ እንመለስ። ኤክስኩዌሪ ለምትጠቀሙ ሰዎች የሚያምር ነገር አለ። በፎር ስትዞሩ ከተለዋዋጩ ቀጥላችሁ «አት» ብላችሁ ሁለተኛ ተለዋዋጭ ብትሰጡት፣ በየዙሩ ተራ ቁጥሩን ይይዝላችኋል። ወሳኙ ነገር ማጣሪያውን የት እንደምታስቀምጡት ነው። መዝሙሮቹን በሙሉ አሰልፋችሁ ከዚያ በዌር ብታጣሩ ቁጥሩ ከማጣሪያው በፊት ተሰጥቷል፤ 22ኛው 22ኛ ሆኖ ይወጣል። ማጣሪያውን ከመንገዱ ጋር በማዕዘን ቅንፍ ካስገባችሁት ግን ቁጥሩ የሚሰጠው ከተጣሩት በኋላ ነው፤ ይሬዕየኒ እንደገና አንደኛ ይሆናል። አንድ ዓይነት ቃላት ናቸው፤ ቦታቸው ብቻ ነው የተቀየረው። በ2014 የወጣው ኤክስኩዌሪ 3.0 ደግሞ ካውንት የሚባል ሐረግ ጨመረ፤ ከደረደርን በኋላ፣ በአዲሱ ድርድር ላይ ቁጥር የሚሰጥ። ውጤትን በደረጃ ለማሳየት የሚሆነው እሱ ነው።

የማዕዘን ቅንፍ ነገር ከተነሳ እነዚህን ሁለቱን አስተያዩ። በየመዝሙሩ ታግ ውስጥ ዐይነቱንም ጽፈናል እንበል፤ እንደ «መለያ» በታጉ ውስጥ የሚጻፈው አትሪቢዩት ይባላል፣ በመንገዱ ላይ በ@ ይጠራል።

/ዳዊት/መዝሙር[@ዐይነት="ምስጋና"][3]
/ዳዊት/መዝሙር[3][@ዐይነት="ምስጋና"]

የመጀመሪያው ከምስጋና መዝሙሮች ሦስተኛውን ያመጣል። ሁለተኛው የዳዊትን ሦስተኛ መዝሙር ይወስድና ምስጋና ከሆነ ይሰጠናል፤ ካልሆነ ባዶ እጃችንን ይመልሰናል። እያንዳንዱ ቅንፍ አዲስ ሰልፍ ይሠራል፤ ቀጣዩ ቅንፍ የሚቆጥረው ያንን አዲሱን ነው።

ብዙ ሰው የሚወድቅበት ሌላው ይህ ነው፤ ድርብ እዝባሩ «በየትም ጥልቀት ያለ» ማለት ነው።

//መስመር[1]
(//መስመር)[1]

ልምድ ያለው ሰው እንኳ ሁለቱን አንድ አድርጎ ያነባቸዋል። 118ኛውን መዝሙር ውሰዱ፤ ረጅሙን። በዕብራይስጥ ፊደላት አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እየተባለ 22 ቦታ የተከፈለ ነው። እያንዳንዱን ክፍል የራሱ ኤለመንት ብታደርጉትና በዚህ መዝሙር ውስጥ ላይኛውን መንገድ ብትሄዱ፣ አንድ መስመር ሳይሆን 22 መስመሮች ይመጡላችኋል፤ ከየክፍሉ የመጀመሪያው። ምክንያቱም ቅንፉ የሚቆጥረው በየወላጁ ሥር ነው። ታችኛው፣ ክቡን ቅንፍ ያደረገው፣ መጀመሪያ ሁሉንም ወደ አንድ ሰልፍ ሰብስቦ ከዚያ የፊተኛውን ብቻ ይሰጣል።

ወደ ኋላ ስንቆጥርም ጥንቃቄ ያሻል። በፕሪሲዲንግ ሲብሊንግ አቅጣጫ ላይ 1 ቁጥር ያለው ከእኔ ወደ ላይ ቅርቡ ነው እንጂ የፋይሉ የመጀመሪያው አይደለም። 22ኛው መዝሙር ላይ ቆሜ ወደ ኋላ አንደኛውን ብጠይቅ 21ኛው ይመጣል። በክብ ቅንፍ ከከበብኩት ደግሞ ይገለበጥና ፍካሬ ይመጣል። ዳዊት ላይ ቆሞ ወደ ኋላ ቅጠል የሚገልጥ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የቅርቡን ገጽ ነው፤ እንዲያ አድርጋችሁ ካሰባችሁት አትሳሳቱም።

ኢንዴክስ ኦፍ የሚባለው ፈንክሽን ስሙ በጣም ያታልላል። ያገኘሁትን ኤለመንት እሰጠዋለሁ፣ ቦታውን ይነግረኛል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። እሱ ግን የሚያወዳድረው ኤለመንቱን ራሱን ሳይሆን በውስጡ ያለውን ጽሑፍ ነው። በዳዊት ውስጥ «ሃሌ ሉያ» የሚል ርእስ ያላቸው መዝሙሮች ብዙ ናቸው። የአንዱን ርእስ ሰጥታችሁ ቦታውን ብትጠይቁ የሁሉንም ቦታ ዘርዝሮ ይሰጣችኋል፤ ለእሱ ሁሉም አንድ ናቸው። ደግሞ ርእስ የሌለው አንድ መዝሙር ካለ የርእሶቹ ሰልፍ ከመዝሙሮቹ ሰልፍ በአንድ ያንሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቁጥር ሁሉ ተንሸራቷል። ያንኑ ኤለመንት፣ መልኩን ሳይሆን እሱነቱን ስትፈልጉ፣ ኢዝ በሚባለው አነጻጻሪ ነው መሄድ ያለባችሁ።

ኤክስኤስኤልቲ፣ ኤክስኤምኤልን ወደ ሌላ መልክ የሚቀይረውን ቋንቋ፣ የምትጽፉ፣ ቁጥሮቻችሁ 2፣ 4፣ 6 እያሉ ወጥተውባችሁ ያውቃሉ? በታጎቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታና አዲስ መስመር እንደ ጽሑፍ ኖድ ተቆጥሮ ነው። ለዓይናችን እንዲያምር ብለን ገባ ገባ አድርገን የጻፍነው ክፍተት ሰልፉ ውስጥ ገብቶ ቆሟል። የምትልኩትን ኤለመንት በስሙ ምረጡ፤ ያኔ ክፍተቱ ከሰልፉ ይወጣል።

ዳታቤዝ ላይ ለምትሠሩት አጭር መልስ አለኝ። ኤክስኤምኤል ቴብል የሚባለው ፈንክሽን ኤክስኤምኤሉን ወደ ረድፍ ሲቀይር «ፎር ኦርዲናሊቲ» የሚል ዓምድ ብትጨምሩለት ተራ ቁጥር ይሰጣችኋል። በኦራክልና በዲቢቱ የነበረ ነው፤ ፖስትግሬስ ከ2017ቱ ከሥሪት 10 ጀምሮ አለው። እዚያም ጥያቄው ያው ነው፤ የረድፉ መንገድ አስቀድሞ ከተጣራ ቁጥሩም የተጣሩት ቁጥር ነው። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ፖዚሽን የሚሠራው በቅንፍ ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ ሰው << የሚለውን ምልክት ተጠቅሞ ከእሱ በፊት ያሉትን ይቆጥራል። አሠራሩ የኔታ ጋር ከተማርነው አይለይም።

ከኤክስፓዝ ወጥታችሁ ወደ ፓይተን ወይም ወደ ጃቫስክሪፕት ስትገቡ ደግሞ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ኤክስፓዝ ከ1 ነው። የግዕዝ አኃዝም ዜሮ የለውም፤ ከ፩ ነው የሚነሳው፤ እኔ በዚህ በኩል ከኤክስፓዝ ጋር ነኝ። ድንበሩን በተሻገራችሁ ቁጥር አንድ መጨመር ወይም መቀነስ አለባችሁ፤ ይህን የሚያደርግ ኮድ ፋይላችሁ ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ይሁን። ሁለት ቦታ ከተደረገ አንድ ቀን ሁለቴ ይጨመራል።

ስለ ፍጥነት የጠየቀኝ ሰው ስለነበረ እሱንም ላንሳ። ወደ ኋላ መቁጠሩ ለ151 መዝሙር ምንም አይደለም። ግን 10,000 ወንድማማች ኤለመንቶች ቢኖሩና ለእያንዳንዳቸው ከፊት ያሉትን ብትቆጥሩ፣ ለመጀመሪያው 0፣ ለሁለተኛው 1 እያለ ሄዶ በድምሩ 49,995,000 ቆጠራ ይሆናል። ያኔ በ«አት» አንዴ መዞር፣ 10,000 እርምጃ ብቻ፣ ይሻላል። አንዳንድ ሞተር ይህን ራሱ ያስተካክላል፤ በእሱ ተማምናችሁ ግን አትጻፉ። አትሪቢዩቶችን ደግሞ ጭራሽ በተራ አትፈልጉ፤ ኤክስኤምኤል ለእነሱ ቅደም ተከተል አልሰጣቸውም።

አሁን የማስቀመጥ ነገር። ቁጥሩን አገኘን፤ የት እናስቀምጠው? ሐምበርግ ላይ ከ2016 ጀምሮ የኢትዮጵያንና የኤርትራን የብራና መጻሕፍት በቲኢአይ ኤክስኤምኤል፣ ጽሑፎችን ለመመዝገብ በተዘጋጀው የታግ ሥርዓት፣ የሚመዘግብ ቤተ መጻሕፍት የሚባል ትልቅ ሥራ አለ። ያንን የመሰለ ሥራ የሚያይ ሰው የሚረዳው፣ እያንዳንዱ ጽሑፍና እያንዳንዱ ብራና የራሱ መለያ ሊኖረው እንደሚገባ ነው። ብራና ቅጠል ይጎድለዋል፣ ሌላ ቅጠል ይታከልበታል፣ ጽሑፉም ከመዝሙር አልፎ ጸሎተ ነቢያትን፣ መኃልየ መኃልይን፣ ውዳሴ ማርያምን፣ አንቀጸ ብርሃንን ያስከትላል። በ«ስንተኛ» የተቀመጠ ጥቅስ አንድ ቅጠል በተጨመረ ቀን ሌላ ቦታ ያመለክታል። በመለያ የተቀመጠው ግን ባለበት ነው።

እኔ ገጹን እንደገና ስሠራው ከእያንዳንዱ መዝሙር ጎን ሦስት ነገር አደረግኩ፤ በግዕዙ ስንተኛ፣ በዕብራይስጡ ስንተኛ፣ ከፍለጋው ውጤት ስንተኛ። ከእያንዳንዱ ቁጥር ፊት የሰልፉን ስም ጻፍኩ። ስም የሌለው ቁጥር ገጹ ላይ እንዳይወጣ ከለከልኩ። የዕብራይስጡን ቁጥር በቆጠራ አላመጣሁትም፤ አይመጣምም፤ በአትሪቢዩት ጽፌ አስቀመጥኩት።

የኔታ ጋር ተመልሼ ከመሄዴ በፊት አንድ ሙከራ አደረግኩ፤ እናንተም ነገ በራሳችሁ ፋይል ላይ እንድትሞክሩት እለምናችኋለሁ። የፋይሉን ቅጂ አንሥቼ ከፍካሬ በላይ አንድ ባዶ <መዝሙር/> አስገባሁ። ከዚያ ገጹን ከፈትኩና ይሬዕየኒን ፈለግኩ። የግዕዙ ቁጥር 23 ሆነ፤ እሱ የተቆጠረ ነበርና። የዕብራይስጡ 23 እንዳለ ቆየ፤ መለያውም እንዳለ ቆየ፤ እነሱ የተጻፉ ናቸውና። በሌላ ቦታ ላይ ግን አንድ ቁጥር፣ የተጻፈ ነው ብዬ የማምነው የአንድ ማጣቀሻ ቁጥር፣ ከ22 ወደ 23 ተንቀሳቀሰ። ያንን ማጣቀሻ የዚያኑ ሌሊት ወደ መለያ ቀየርኩት፤ ባዶውን መዝሙርም አወጣሁት።

ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።